የነሐሴ ሠላሳ ሦስት ተሳፋሪዎች

ደብረ ማርቆስ በአንድ የአውቶቡስ ማኅበር ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈንታሁን የትኬት መዝገቡን ወደ ኢንተርኔት የማሻግረውን ኮምፒውተር አሳዩኝ። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። «ከአቧራ እንዲጠበቅ ነው» አሉኝ። አቧራው ከጨርቁ ሥር ነበር።

ኮምፒውተሩን የሚያውቁት ትኬት ቆራጯ እትዬ የሺ ብቻ ናቸው። «ትኬት በስልክ መሸጥ ሲጀመር የሺ ከመስከረም አንድ ጀምሮ ታርፋለች» አሉ አቶ ፈንታሁን። «ዕረፍት» ያሉት ስንብት ነው፤ ደብዳቤው ተፈርሞ መሳቢያቸው ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ የሺም ያውቃሉ፤ መሳቢያውን የሚያጸዱት እርሳቸው ናቸው።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ብቻዬን፣ ከስልክ ቪዲዮ ነው። ብቻውን የተማረ ሰው የሚጠይቀው የለውም፤ እየቆየ መጠየቁንም ይረሳዋል።

የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ሳዛውር «ነሐሴ 33»፣ «ነሐሴ 35» የሚሉ ቀኖች አገኘሁና ሳቅሁ። ከሠላሳ የሚበልጠውን ቀን ሁሉ የሚያስወግድ ትእዛዝ ጻፍኩ። የተወገዱትን ግን በሌላ ፋይል አስቀመጥኩ። በጥንቃቄዬ ኮራሁ። እትዬ የሺ ከጎኔ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጡ ነበር።

የስልኩ ሽያጭ ተጀመረ። ጳጉሜን ሦስት ማለዳ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ግማሽ ወንበሮች ሁለት ሁለት ባለቤት ነበራቸው። ከቁይ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ የወረቀት ትኬታቸውን ዘርግተው፣ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠውን ወጣት «ተነሥ እንጂ!» ይላሉ።

ወጣቱ ስልኩን አሳያቸው። «አባባ፣ ሲስተሙ የኔ ነው ይላል።»

«እንግዲያው ሲስተሙን ጥራልኝና እሱ ቆሞ ይሂድ!»

አቶ ፈንታሁን እየሮጡ መጡ። «የሺ ናት! ቀን መጻፍ የማታውቅ! ደብዳቤዋን ዛሬውኑ ነው የምሰጣት!»

«አቶ ፈንታሁን፣ የድሮውን ፕሮግራም ያስመጡት እርስዎ አይደሉም?» አሉ እትዬ የሺ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜን ከየት አባቴ ላምጣለት? ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥዬ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት እያልኩ ጻፍኩ። ነሐሴ ሠላሳ ሦስት ዛሬ ነው።»

ዝም ብል ጥፋቱ እርሳቸው ላይ ይቀር ነበር። በዝምታ ደግሞ እታወቃለሁ።

«የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው የጻፉት ልክ ነው፤ ስሰርዘው ወንበሮቹ ባዶ መስለው በስልክ ዳግም ተሸጡ።» ያስቀመጥኩትን ፋይል ከፍቼ ስም ጠራሁ። ባለ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ «አቤት» አሉ።

አቶ ፈንታሁን ወደ እትዬ የሺ ዞሩ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሁለተኛ አውቶቡስ ተጠራ። ሽማግሌው በመስኮት በኩል ተቀመጡ፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ሲስተሙን ረገሙት። እትዬ የሺ በመስከረም አላረፉም። አቶ ፈንታሁን ደብዳቤውን በሌላ ደብዳቤ ተኩት፤ «የሲስተም አማካሪ» አሏቸው። ወንበሩ ያው፣ ደመወዙም ያው።

ስህተት የሚመስል መዝገብ ካገኛችሁ፣ ከመሰረዛችሁ በፊት የመዘገበውን ሰው ጠይቁ።