እህቴ «እህት» ያለቻት ሴት

መጀመሪያ የሰማሁት በስልክ ስታወራ ነው። ከሥራ ገብቼ በር ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። እህቴ ወጥ ቤት ቆማ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ቲማቲም ትከትፋለች። «እሺ ሲስተር፣ ነገ እንገናኝ» አለችና ዘጋችው። ማን ናት ብዬ ስጠይቃት «የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት» አለችኝ። ጓደኛዋ ከሆነች ሲስተር ለምን እንዳለቻት አልጠየቅኳትም። ግን እጄን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ራት ቀርቦም ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። በዚህ አገር እሷ ያለቻት እህት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የደሴ ልጆች ነን። በአምስት ዓመት እበልጣታለሁ። ወደ ሚኒሶታ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ የዲቪ ፎርሟን የሞላሁት፣ ከፎቶዋ ጀርባ ስሟን ጽፌ በፖስታ የላክኩትም እኔ ነኝ። ኤርፖርት ስትደርስ የለበሰችው ስስ ሹራብ ነበር፤ የራሴን ካፖርት አውልቄ አለበስኳትና እስከ መኪናው ድረስ እየተንቀጠቀጥኩ ሄድኩ። ሪችፊልድ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበረኝ። ብሉሚንግተን ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። እሷም አራት ወር አብራኝ ሠራች። ከዚያ መማር እፈልጋለሁ አለች። «ተማሪ፣ ቤቱን ለእኔ ተዪው» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት።

ኮሌጁ ውስጥ የጥቁር ሴቶች ማኅበር ነበር። የምትመራው እህቴ ሲስተር ያለቻት ሴት ናት። ዕድሜዋ አርባ ይሆናል፤ ልጆቿን አሳድጋ ዘግይታ ነው ትምህርት የጀመረችው። የሚኒያፖሊስ የሰሜኑ ሰፈር ልጅ ናት፤ ጥቁር አሜሪካዊት፣ እናቷ በወጣትነቷ ከአሜሪካ ደቡብ የመጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ፤ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ ያነባሉ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ምርጫ ይከራከራሉ። እህቴ የተማረችውን ሁሉ ቤት ይዛ ትመጣና ትነግረኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። እየቆየ ግን ንግግሯ ሁሉ «እሷ እንዳለችው» ብሎ የሚጀምር ሆነ።

አንድ ቀን ክሊኒክ አብረን ሄድን። ፎርሙ ዘር ይጠይቃል። እኔ ሁልጊዜ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደርግና አጠገቡ ኢትዮጵያዊት ብዬ እጽፋለሁ። እህቴ አየችኝ።

«እትዬ፣ ሌላ ማለት ምን ማለት ነው? ጥቁር የሚል አለ እኮ።»

«እኛ ሐበሻ ነን» አልኳት።

«ፖሊስ መኪናዬን ሲያስቆም ሐበሻ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ራሴ አየሁት» አለች። ከዚያ በፊት ፖሊስ እንዳስቆማት አላውቅም ነበር። ያቺ ሴት ግን ታውቅ ነበር። ይህን ያወቅኩት ወደ ቤት ስንመለስ ነው፤ የዚያን ቀን ደንግጣ መጀመሪያ የደወለችው ለእሷ ነበር። ለምን ለእኔ አልደወልሽም ስላት «ሥራ ላይ ነበርሽ፤ ደግሞ ዝም በይና ኑሪ ነበር የምትዪኝ» አለች። ልክ ነበረች፤ እንደዚያ ነበር የምላት። ልክ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ለኢድ እህቴ ያቺን ሴት ቤታችን ጋበዘቻት። ረጅም ናት፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች። ማንም ሳይነግራት በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ስትስቅ ቤቱን ትሞላዋለች። ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። እህቴ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ቀጥላ ወደ እኔ ትዞራለች ብዬ ስጠብቅ ወሬ ጀመሩ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ «ሲስተር፣ ምግቡ በጣም ጣፍጦኛል» አለችኝ። ስሜን ነገርኳት። ስሜን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ነገርኳት። እህቴ አቀርቅራ ሰሃኗን አየች።

ከዚያ የፕሬዚዳንት ምርጫው ቅስቀሳ ተጀመረ፤ ምርጫው ሊደርስ ገና ዓመት ያህል ይቀረዋል። ጥቁሩ ዕጩ ያሸንፋል አያሸንፍም በየቦታው ወሬ ሆነ። እህቴ ካፖርቷ ላይ የእሱን ምስል አድርጋ፣ ቅዳሜና እሑድ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር በረዶ ውስጥ በር እያንኳኳች ትውላለች። ፊቷ በብርድ ቀልቶ ስትገባ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ያን ደስታ የሰጠኋት እኔ አልነበርኩም። ለመጨረሻ ጊዜ «እኛ» ስትል እኔን የጨመረችበትን ጊዜ ማስታወስ አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ሆቴሉ ውስጥ አንድ ነገር ደረሰብኝ። ከአንዲት የሐረር ልጅ ጋር የዕቃ ሊፍት ውስጥ በአማርኛ እያወራን ነበር። አምፖልና ቧንቧ የሚጠግነው ሰውዬ አብሮን ነበር፤ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ የባንዲራ ተለጣፊ አለው። ከዚያ በፊት በሩን ይዞ ያሳልፈኝ የነበረ ሰው ነው። ዓይኑን የሊፍቱ ቁጥር ላይ አድርጎ «ይሄ አገራችን ነው። እዚህ እንግሊዝኛ ነው የሚወራው። ካልተመቻችሁ መሄድ ትችላላችሁ» አለ። ሻሼን አየና ወረደ። ቀኑን ሙሉ አልጋ እያነጠፍኩ ሰዓት አየሁ። ለእህቴ እስክነግራት ቸኮልኩ።

ነገርኳት። እጄን ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ ተነሥታ ስልኳን አነሣች፤ ለዚያች ሴት ልትነግራት። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ካርድ አመጣችልኝ፤ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ፈርመውበታል። የማላውቃቸው ሴቶች ስለ እኔ ውርደት ተሰብስበው ተነጋግረዋል። ደግነት መሆኑ ገብቶኛል። ግን ነገሩን ለእህቴ ብቻ ነበር የሰጠኋት። ካርዱን ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት በብርዱ መኪናዬ አልነሣ አለች። ሴትዮዋ እህቴን ለመውሰድ መጥታ ውጭ ቆማለች፤ እህቴ ገና ሻወር ውስጥ ናት። «አንቺን ሥራ አድርሼ እመለሳለሁ፣ ቅርብ ነው» አለችኝ። ሺፍቴ ሊጀምር ስለነበር ገባሁ። ሃይዌይ ላይ ስንወጣ ስለ እህቴ ማውራት ጀመረች። እህትሽ ደፋር ናት አለች። እንደሷ ንጹሕ ልብ ያላት ሰው አላየሁም አለች። ያሳደግኳትን ልጅ ለእኔ የምታስተዋውቀኝ መሰለኝ። ያኔ አፌ ተከፈተ።

«እህቴ ልጅ ሆና ምን ትል እንደነበር ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ነገርኳት። ደሴ፣ ከግቢያችን ጀርባ፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከም ሰው ነበር፤ ከምዕራብ የመጣ፣ በጣም ጥቁር ሰው። እኩያችን የሆነች ልጅ ነበረችው። ገመድ ስንዘል ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ተራ ይገባኛል ስትል «ባሪያ ተራ የለውም» ተባለች። «ሲስተርሽ ናት ያለቻት» አልኩ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላት፤ እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ።

«ልጅቷ ምን አደረገች?» አለች።

«ሄደች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።»

ሆቴሉ በር አወረደችኝ። ተጠንቅቀሽ ሂጂ፣ መሬቱ ያንሸራትታል አለችኝ። ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እህቴ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእኔ ሰምታ ደገመችው፣ ሌሎቹ ሲስቁ እሷም ሳቀች። ከዚያ ያለፈ የእሷ ድርሻ የለም።

ከሥራ ስመለስ እህቴ ሶፋው ላይ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣ ነበር።

«ነገርሻት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ያልኩት አስመስለሽ?»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «እሺ» አለችና ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። መጋቢት ላይ ከአንዲት ተማሪ ጋር ቤት ተከራይታ ወጣች። ልብሷን ወደ መኪና ያጋዘቻት ያቺ ሴት ናት። በመስኮት ቆሜ አየኋቸው። አንዱን ሳጥን ለሁለት ይዘው በጠባቡ ደረጃ ሲወርዱ፣ አንዷ ወደ ኋላ ስትሄድ ሌላዋ እርምጃዋን ትነግራታለች።

ኀፍረቱ እስከ ሐምሌ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ለሴትዮዋ ደወልኩላት። በምሳ ሰዓቴ ሆቴሉ ፓርኪንግ መጣች፤ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥን። እንግሊዝኛዬ እየተሰባበረ፣ ያን ቃል ያልኩት እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እህቴ ነገረችሽ?»

«የዚያኑ ቀን ነገረችኝ። በማግሥቱ ግን ማኅበሩ ውስጥ ተነሥታ እንደራሷ አድርጋ ተናገረች። አንቺን አልጠቀሰችም።»

«ለምን?»

«እኔም ደግሜዋለሁ፣ ስቄያለሁም አለች። ደግሞ እህቴን የማያውቋት ሴቶች ፊት አላቆማትም አለችኝ።»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እያለቀስኩ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦ ስለ እኔ ሁለቱ የያዙት ምስጢር ነበራቸው፤ ስድስት ወር ሙሉ ሲጠብቁት ነበር። ያንንም ቀናሁበት። ቅናት እንደዚህ ነው፤ የተደረገልሽን መልካም ነገር እንኳ ከማን ጋር ሆና እንዳደረገችው ትመረምሪያለሽ።

ዕጩው ካሸነፈ ከሳምንት በኋላ እህቴ እኔ ቤት መጣች። ምሳ አቀረብኩላትና ይቅርታ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር» አለች።

«መኪናዋ ውስጥ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

መብላቷን አቆመች። «እሱ ነው የከበደኝ» አለች። «የልጅነቱን ለራሴም ለአንቺም ትቼዋለሁ። የመኪናውን ግን እስካሁን ልተወው አልቻልኩም።»

«ምን ላድርግ?»

«መጥተሽ ራስሽ ንገሪያቸው።»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ያህል ሴቶች በክብ ተቀምጠዋል። ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ ሲያዩኝ አጠፍኩትና በቃሌ ጀመርኩ። ስለ ደሴ፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ ሰው፣ ስለ ልጅቷ ተናገርኩ። ፎርም ላይ «ጥቁር» የሚለውን ለምን እንደማልመርጥም ተናገርኩ፤ ያቺ ልጅ የቆመችበት ቦታ ላለመቆም እንደነበር ስናገር ነው ለራሴም የገባኝ። አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። አንዲት ወጣት ተነሥታ ወጣች፤ አልፈረድኩባትም።

ከክቡ ማዶ እህቴ ከዚያች ሴት አጠገብ ተቀምጣለች። መሀል ላይ ስደርስ እህቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ሴትዮዋ እጇን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፣ እህቴም ትከሻዋ ላይ ጋደም አለች። እዚያው ቆሜ፣ ያን ሁሉ እየተናዘዝኩ፣ ቀናሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ከጸጸት መስሏቸው ይሆናል። ንግግሬን ግን አላቋረጥኩም።