ከቅርጫው ጋር ፍሪጅ የተጋፋችው ካታኩሪ

በፈረንጆቹ 2020 ሆቴሎቹ ሲዘጉ እኔም ከክፍል ጽዳት ሥራዬ ቤት ገባሁ። ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ፓራዳይዝ በሚባለው ቦታ ከምንኖርበት አፓርታማ ሥር አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት ነበሩ፤ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት። የኮሮና ወረርሽኝ ሲጠና ልጃቸው ወደ ሲያትል ልትወስዳቸው መጣች። በሚሄዱበት ጠዋት በሬን አንኳኩተው አፈር የሞላ ሸክላ አስታቀፉኝ። ከአፈሩ ላይ አንዲት ቅጠል ብቻ ብቅ ብላለች።

"ካታኩሪ ናት" አሉኝ። በተወለዱበት ተራራ ጫካ ውስጥ፣ በረዶው ሲሟሟ፣ ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ፀሐዩን ሳይከልሉባት የምታብብ አበባ ናት። ሰው እየቆፈረ ወስዷት ዛሬ እዚያም ብርቅ ሆናለች። እሳቸው ከዘር አንስተው ሰባት ዓመት አሳድገዋታል፤ ገና አላበበችም። አንድ ቅጠል ካላት ልጅ ናት፤ ሁለት ያወጣች ዓመት ታብባለች።

"ስታብብ ሳላያት መሞት አልፈልግም" አሉ፤ ሳቁ ግን።

ግንቦት ላይ ያቺው ቅጠል ቢጫ ሆና ወደቀች። ባለቤቴ "በቃ ሞታለች፣ አፈሩን ድፊው" አለ። እኔ ደውዬ ጠየቅኳቸው። ተኝታ ነው አሉኝ፤ አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ፣ የብርዱን ወራት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንድትከርም አዘዙኝ፤ ብርድ ካልነካት አትነቃም።

የነቢያት ጾም ሲገባ ሥጋና ቅቤው ከፍሪጃችን ወጣ፤ የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ሆነ። እዚያ አስገባኋት። ጾሙን አብራን ጾመች።

ጣጣው የመጣው ገና ሲደርስ ነው። ባለቤቴ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ካሉ ዘመዶቹ ጋር የገባበትን የበሬ ቅርጫ ተሸክሞ መጣ።

"ለአፈር ብለሽ ሥጋዬን ልታስገሚው ነው?"

"ሸክላዋ ንቅንቅ አትልም" አልኩት።

ቢላ አነሳሁ። ከበዓሉ የተረፈውን ሥጋ ዘልዝዬ በጨውና በበርበሬ አሸሁና ሳሎኑ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩት። የቬጋስ አየር ለቋንጣ የተፈጠረ ነው። ባለቤቴ ወደ ሶፋው በሄደ ቁጥር እያጎነበሰ፣ እያጉረመረመ ሰነበተ። ቋንጣው ሲደርስ ግን ከማንም በላይ የበላው እሱ ነው።

የካቲት ላይ ሸክላዋን ከፍሪጁ አውጥቼ ፀሐይ የማይበዛበት መስኮት ሥር አኖርኳት። ባልቴቷ ሲደውሉ ሰላምታ እንኳ አያስቀድሙም፤ "አንድ ነው ሁለት?" ነው። "አንድም የለም" እላለሁ። ድምፃቸው በየጊዜው እየሰለለ ይሄድ ነበር፤ እኔም ፈራሁ። አንድ ቀን ግን "ሁለት" አልኳቸው።

አበባዋ ሐምራዊ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ታብባለች። በቪዲዮ ፊቷን እንዲያዩት ብዬ ወለሉ ላይ ተንጋለልኩና ስልኩን ከሥሯ አስገባሁ። እሳቸው አለቀሱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው "ካንቺ አልጠበቅሁም ነበር። የሰጠሁሽ በርሽ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው" አሉ።

ባለቤቴ በእኔ ፈንታ ተቆጣ። እኔ ግን ያን ዕለት የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። መርጠውኝ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሙያ የእሳቸው ይሆን ነበር።