ኳሱ ልጄ አይደለም

ባንቺአየሁ ቪዲዮ ማንሳት አትችልም። ፊት ለፊቷ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ ነው የምላት። ቅርጫት ኳስ የሚቀርጽ ሰው ኳሱን ይከተላል፤ ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ። የእሷ ስልክ ግን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አንዲት ልጅ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ሰው ሲጮህ ይሰማል፣ ማን እንዳስቆጠረ ግን አይታይም። የሚታየው ልጇ ፀሎት ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ወደ ላይ ስትስብ ነው።

«እህት ባንቺአየሁ፣ ኳሱን ተከተዪ እንጂ» አልኳት አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ።

«ኳሱ ልጄ አይደለም» አለችኝና መቅረጿን ቀጠለች።

እኔ ስምዖን እባላለሁ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው የማመላልስ የሻትል ሾፌር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቸርቻችንን ልጆች ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ፤ የሰፈሩም ልጆች ይቀላቀሉናል። ደመወዝ የለውም፣ ወቀሳ ግን ሞልቶታል። ባንቺአየሁና ባሏ ተረፈ እዚሁ ቬጋስ፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ባለው መንገድ ይኖራሉ። ተረፈ ከስቴት ስቴት የሚሄድ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤቱ ከሚገኝበት ቀን የማይገኝበት ይበዛል። እሷ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ያለቻቸው ልጅ ፀሎት ብቻ ናት፤ ቸርቹ በሙሉ ለዓመታት ጸልዮ የተገኘች ስለሆነች ስሟ ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ፣ በአማርኛ እየተጠየቀች በእንግሊዝኛ እየመለሰች አደገች።

ኳስ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ኳሱ ከእሷ ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሃይስኩል ስትደርስ ግን ከእኔ የምትማረው ነገር አልቆ፣ ሳሠለጥናት የሚያየኝ ሰው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ቢለኝ የምቀየም አልነበርኩም። ኳስ ስታቀብል ተቀባዩ የሚደርስበትን ቦታ ከራሱ ከተቀባዩ ቀድማ ታውቀዋለች። አንድ ነገር ብቻ ከልጅነቷ አልለቀቃትም፤ ሆደ ባሻ ናት። ቆጣ ብለው ከተናገሯት አንገቷን ትደፋለች፣ እንባዋ ቅርብ ነው። እኛ ስለምናውቃት አባብለን እናስነሳታለን። ኮሌጅ ውስጥ ግን ማን ያባብላታል እያልኩ እሰጋ ነበር።

በ2020 ማርች ላይ በኮሮና ምክንያት ከተማው ተዘጋ። እኔ የማመላልሰው መንገደኛ፣ ባንቺአየሁም የምታጸዳው ክፍል ጠፋና ሁለታችንም ቤታችን ገባን። ቸርቻችን ዙም ላይ ሆነ። ባንቺአየሁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አታውቅበትምና መጀመሪያ የራሷን ጋራዥ አጠበች፣ ቀጥላ የእኛን ልጠብላችሁ ብላ መጣች። እሱም ሲያልቅ ስልኳን አነሳች። ፀሎት በራቸው ላይ በተተከለው ቅርጫት ስትለማመድ፣ እናት ጥላ ቦታ ፈልጋ ቁጭ ብላ ትቀርጻለች።

የዚያን ዓመት ቪዲዮ ቀልድ አልነበረም። ፀሎት የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች። በ2021 ጃንዋሪ ላይ የትምህርት ቤቶቹ የቅርጫት ኳስ ውድድር ጭራሽ ተሰረዘ። አብዛኞቹ የኮሌጅ አሠልጣኞች እየዞሩ ተጫዋች እንዳያዩ ተከልክለዋል፤ የሚያዩት በቪዲዮ ብቻ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ላሉት ደግሞ ወረርሽኙ ዓመታቸውን ስለበላው አንድ ዓመት ተጨመረላቸው፤ ለአዲስ ገቢ የቀረው ቦታ ጥቂት ነበር። ወደ ብዙ ቦታ ጻፍን። መልስ የመጣው ሞንታና ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ብቻ ነው። አንድ ቦታ አለን፣ ከወሰድናት የትምህርቷንም ክፍያ እንሸፍናለን አሉ። ይህ ካልሆነ የፀሎት ኳስ እዚያው በራቸው ላይ ማለቁ ነበር።

የኮሌጁ አሠልጣኝ ሴት ናት። ስልክ ደወለችልኝና ስለ ልጅቷ ብዙ ጠየቀችኝ፤ በደንብ መለስኩ። መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው ሲበላሽባት ምን ታደርጋለች አለችኝ። እኔ ደግሞ በጣም ጥሩ ልጅ ናት አልኩ። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ፣ የሁሉም አሠልጣኝ መልስ ይኸው እንደሆነ ነገረችኝ። ጥሩ ጥሩውን መርጣችሁ አትላኩልኝ፣ አንድ ሙሉ ጨዋታ ላኩልኝ፣ ዝግጁ መሆኗንና አለመሆኗን ከዚያ አያለሁ አለች።

ኔቫዳ ውስጥ ጂሙ ሁሉ ዝግ ስለነበር ፌብሩዋሪ ላይ ልጆቹን ይዘን አሪዞና ሄደን ተጫወትን። ባንቺአየሁ ማስኳን አድርጋ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተመልካቹ መካከል ተቀመጠች። ፀሎት ስትጀምር ሌላ ሰው ሆና ነበር፤ እኔ ራሴ አሠልጣኝ መሆኔን ረስቼ ሳጨበጭብ ነበርኩ። ከዚያ ምን እንደነካት አላውቅም፣ ኳስ ተቀማች። ደግማ ተቀማች። ሦስተኛውን ስትቀማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳትና አስወጣኋት። በእሷ ቦታ የቡድናችንን ትንሿን ልጅ ናጃትን አስገባሁ። ፀሎት የወንበሩ ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ጣለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም ከንፈሬን ነክሼ ወደ ኳሱ ዞርኩ። ናጃትም ወዲያው ተቀማችና እሷንም አስወጣኋት። ቆይቶ ፀሎት መጥታ «ኮች፣ አስገባኝ» አለችኝ። አስገባኋት፣ ተሸነፍን፣ ወደ ቤት ነዳን።

በማግስቱ ከሰዓት ባንቺአየሁ ኩሽና ተቀምጠን ቪዲዮውን ከፈትነው። እንደ ልማዷ ልጇን ብቻ ነው የቀረጸችው፤ እሱስ ይሁን። ፎጣው ጋ ስንደርስ ግን ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጅሽ ደክሞ ነው ወይ ብላት፣ እንባ ሞልቶባት የምትቀርጸውን ሳታይ እንደቀረጸች፣ ያንን ቦታ ደግማ ማየት እንደማትችልም ነገረችኝ። እኔም የማየት አቅም አልነበረኝም። እዚያው ላይ አቆምኩት።

«እዚህ ጋ ከት እናድርገው» አልኳት። «ተመልሳ ስትገባ እንቀጥላለን። ማንም አያውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። ገበና ይሸፈናል እንጂ ለባዕድ ይዘረጋል ወይ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲመጣ እንኳን ልጃችን አልቃሻ ናት ብለን አንቀበልም አልኳት። እሷ ደግሞ፣ እኛ ሸፍነን ብንልካት እዚያ ስትደርስ መገለጡ አይቀርም፣ በዚያ ሰዓት እኔ የለሁ፣ አንተ የለህ፣ ማን አላት አለችኝ። ቦታው አንድ ነው፣ ዕድሉ አንድ ነው፣ እሷ ስለ ነገ ታወራለች። ንዴቴ መጣና የልቤን ተናገርኩ።

«አንቺ እኮ እንድትቀርልሽ ፈልገሽ ነው።»

ባንቺአየሁ የጠረጴዛውን ጫፍ በጣቷ ትጠርግ ጀመር። ሆድ ባሳት። ልጅቷ ጠባዩን ከማን እንደወረሰችው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያልኩትን መልሼ ብውጠው በወደድኩ።

«እንድትቀርልኝማ እፈልጋለሁ፣ ወንድም ስምዖን» አለች። «ጠዋት ኳሷን ስታነጥር ሳልሰማ እንዴት እንደምነሳ አላውቅም። ለዚህ ነው የማልነካው። እጄን ካስገባሁበት፣ ለእሷ ልቁረጥ ለራሴ ልቁረጥ በምን አውቃለሁ?»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እሷ ግን ራሷን ስላላመነች መቁረሱን ራሱ ፈርታዋለች። ቀና ስል ፀሎት ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«አንክል፣ ያሳፍራል» አለች። «ሪሊ ያሳፍራል። ግን የምታለቅሰዋም እኔ ነኝ። እንደዛው ላኩት።»

ቪዲዮውን እኔ አላይም ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እኔም ሳልወድ ላክሁት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እሁድ በዙም ስንጸልይ የባንቺአየሁን ፊት በትንሿ ሳጥን ውስጥ አየዋለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትሂድ ብላ ትጸልይ ትቅር ብላ፣ ጌታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለ ቪዲዮው ሁለታችንም አናነሳም። እኔ በበኩሌ ልጅቷን በገዛ እጃችን ያስቀረናት መስሎኝ ምግብ አልበላ ብሎኝ ሰነበተ።

አሠልጣኟ ማርች ላይ ደወለች። መኪናዬን ጥግ አስይዤ አነሳሁት። ያየቻቸውን ቪዲዮዎች ብዛት ነገረችኝ። በአንዱም ውስጥ ኳስ የሳተች ልጅ የለችም፣ ስለማይስት ልጅ ደግሞ ምንም ማለት አልችልም አለች። የእናንተዋን ግን አየኋት፣ ፎጣው ስር ያደረገችውንም አየሁ አለችኝ። ስታለቅስ ነዋ ብዬ ሽምቅቅ አልኩ። ሴትዮዋ፣ እስከ መጨረሻው አላያችሁትም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

«ዝግጁ ናት አልልም፤ እዚህም መጥታ ታለቅሳለች» አለች። «ግን ፎጣዋ ስር ሰው የምታስገባ ልጅ ነው የምፈልገው። እኛ ጋ ትምጣ። ለቀረጸው ሰውም ምስጋናዬን ንገርልኝ።»

ምን እንደምትል አልገባኝም፤ ትምጣ ማለቷ ግን ገብቶኛል። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ባንቺአየሁ በሯ ላይ አበባ ታጠጣ ነበር። ተቀበሏት ብዬ ስነግራት ቱቦውን ሳትዘጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ውሃው ጫማዬን እያጠበ ይፈሳል። እልልታ ስጠብቅ፣

«ብርዱስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ፀሎትን ጠርተን ቪዲዮውን ካቆምኩበት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችንም አየነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ፀሎት ፎጣውን ተከናንባ ታለቅሳለች። ትንሿ ናጃት መጥታ አጠገቧ ዘጭ ስትል የእሷም ከንፈር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ፀሎት ቀና ሳትል የፎጣውን ጫፍ ታነሳና ልጅቷን ከስር ታስገባታለች። ሁለት ራስ አንድ ፎጣ ስር ተሸፍኖ ይቆያል። ምን እንደተባባሉ አይሰማም። ሲወጡ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ፀሎት ፊቷን ጠራርጋ፣ ፎጣውን ለናጃት ሰጥታት ወደ እኔ ትመጣለች። ከእሷ ጀርባ ደግሞ እኔ እታያለሁ፤ አንገቴን አስግጌ ኳሱን ሳሳድድ ምንም አላየሁም።

«ምን አልሻት?» አላት እናቷ።

«ኮች ሲናደድ ጆሮው ሬድ ይሆናል አልኳት» አለች ፀሎት። ምን ልበላት፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ኦገስት ላይ ሄደች። ባንቺአየሁን ሆቴሉ መልሶ ጠርቷት ነበር፤ አዲስ ሥራ እንደገባ ሰው ለምና ሺፍቷን አስቀየረች። ተረፈም እረፍት ወስዶ ራሱ ነድቶ አደረሳቸው። ሻንጣውን ሲጭኑ እኔም ነበርኩ። ብርድ ልብሱ ብቻ የመኪናውን ግማሽ ሞልቶታል። ያን ዓመት ሙሉ ስልኳን ያላስቀመጠችው ሴትዮ፣ ከሞንታና ስትመለስ መለያየቱን ቀረጽሽው ወይ ብላት፣ በየትኛው እጄ አለችኝ።

ፀሎት አለቀሰች? አለቀሰች። ሴፕቴምበርን ሙሉ ማታ ማታ እየደወለች ለእናቷ ታለቅስ ነበር። እየቆየ ስልኩ በየሁለት ቀኑ ሆነ፣ ቀጥሎ በሳምንት። ባንቺአየሁ በዚህ ደስ ይበላት ይክፋት ለራሷም አልለየላትም።

ኖቬምበር ላይ የመጀመሪያ ጨዋታዋ በኢንተርኔት ይተላለፍ ነበርና እነሱ ሳሎን ተሰብስበን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትነው። ፀሎት ከወንበር ነው የጀመረችው። በሁለተኛው አጋማሽ ለጥቂት ደቂቃ ገባች፣ አንድ ቆንጆ ኳስ አቀበለች፣ ሌላ ተቀማች፣ ወጣች። የኮሌጁ ካሜራ የሠለጠነ ሰው ይዞታል፤ ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ።

ባንቺአየሁ ተነስታ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመች። «የት ሄደች?» አለች። «ተቀምታ ነው እኮ የወጣችው። ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ ልጄን አያሳይም እንዴ?»

ሰውዬው አሠራሩን ያውቃል፣ ትክክል ነው፣ ኳሱን መከተል አለበት ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩና እኔም የስክሪኑን ጥግ ጥጉን ማየት ጀመርኩ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ኳሱ ከመስመር ወጣና ካሜራው ተከትሎት ሲሄድ ወንበሩ በዳር በኩል ብልጭ አለ። ከመጨረሻው ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ወደ ላይ ትስባለች።

«አየሃት?» አለችኝ ባንቺአየሁ ክንዴን ጨብጣ።

«አየኋት» አልኳት።

ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።