በሰላዩ ታሪክ ላይ የጨመርኩት

ባለፈው ሳምንት ልጄ የድሮ የዐረብኛ ተከታታዮች በስልክ የሚታዩበትን መንገድ አሳይታኝ ስነካካ፣ በጦርነት ዘመን ስለነበረ አንድ ሰላይ የሚተርክ ጥቁርና ነጭ ተከታታይ ከፊቴ ድቅን አለ፤ የመክፈቻው ሙዚቃ ገና ሲጀምር አወቅኩት። ከሥሩ ተመልካቾች አስተያየታቸውን ጽፈዋል፤ አንዱ እንዲህ ያለ ተዋናይ ዳግም አይወለድም ይላል፣ አንዷ አባቷ እያለቀሰ ያየው እንደነበር ታወራለች፣ ሌላው ደግሞ የሰላዩ ኮት የዘመኑ አይደለም ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ይሟገታል። እኔም ልጽፍ ጀመርኩና ተውኩት። እነሱ ያዩትና እኛ ያየነው አንድ አይደለም።

እኛ ያየነው ገዳሪፍ ከተማ ዳር፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ከድንበር ማዶ የፈለሰው ሕዝብ ራኩባ የምንለውን የሣርና የጆንያ ዳስ ቀልሶ ከሰፈረበት ሜዳ አጠገብ፣ ሐጂ ብለን በምንጠራቸው ሱዳናዊ ሻይ ሻጭ ግቢ ውስጥ ነው። ሐጂ በጄነሬተር የምትሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረቻቸው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በርጩማ ላይ አውጥተው ያስቀምጧታል፣ እኛም ከፊቷ ኩምትር እንላለን። ምስሉ እንደተነደፈ ጥጥ ይበናል፤ የሰውም ፊት ሁለት ሁለት እየሆነ ይታያል፣ አንደኛው ሲናገር ሁለተኛው ከኋላው ዘግይቶ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ይመስለኝ ነበር። የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ተገኘ "ይሄ ሰውዬስ ብቻውን አይደለም" ብለው ያማትባሉ፤ ግን አንድም ቀን አይቀሩም።

ዐረብኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሌላው ሰው ሁለት ዓመት ቀድመን መጥተን ገበያ ውስጥ ውሃ ስሸጥ ነው የለመድኩት፤ ዕድሜዬ ቢበዛ ዐሥር ነው። ስለዚህ ከፊት፣ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ፣ ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ ይቀዳልኛል፣ አዋቂው ሁሉ "ትርጁማኗ" እያለ ያቆላምጠኛል። አቤት የነበረኝ ኩራት! ችግሩ የቴሌቪዥኑ ዐረብኛ የግብፅ ነው፣ የእኔ የገበያ ነው፤ ጄነሬተሩም ያጓራል፤ ግማሹን አልሰማውም። ጎረቤታችን እትየ ዝና ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም፤ "ምን አለ? ኧረ ንገሪን እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል!" እያለች ትወተውተኛለች። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። ስለዚህ ከራሴ እጨምር ጀመር። የሰላዩን ሚስት ከዳተኛ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ እትየ ዝና እስከ መጨረሻው ክፍል ስትረግማት ከረመች፤ ምስኪን፣ ለካ ሚስቱም አይደለች፣ እህቱ ኖራለች።

አያ ይርሳው የሚባል ሰውም አብሮን ያይ ነበር። ከመተማ በኩል ሲመጣ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሲበታተን ሚስቱንና ትንሽ ልጁን አጥቷል፤ ይህን ሳይደብቅ ለሁላችንም ነግሮናል። ስደተኛ የጫነ ሎሪ በመጣ ቁጥር ሜዳው ጫፍ ካለው ግራር ሥር ቆሞ ወራጁን አንድ በአንድ ያያል፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ ስም ይጠይቃል፣ አገር ይጠይቃል፣ "መንገድ ላይ ልጅ ያዘለች ቀይ ሴት አላጋጠመቻችሁም?" ይላል። ከሎሪው በፊት አቧራው ይታያል። ሰዎቹ ሲወርዱ አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፣ አይናገሩም፣ ሕፃናቱ እንኳ አያለቅሱም፤ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ሰላዩ ባቡር ጣቢያ ቆሞ የሚወርዱ መንገደኞችን የሚያይበት ክፍል መጣ። ለረጅም ጊዜ ማንም አይናገርም፤ በመጨረሻ ወደ ዘበኛው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለው፣ ጄነሬተሩ ዋጠው። "ምን አለ?" አለች እትየ ዝና። "የሚመጡትን ሰዎች ስም እየለቀመ ለጠላት ይልካል፤ ከዚያ አገር ቤት የቀሩ ዘመዶቻቸውን ይፈጇቸዋል" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ በየራኩባው ሲንሾካሾኩበት የምሰማውን ፍርሃት መልሼ የሰጠኋቸው ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ያንን ቦታ ፈልጌ አየሁት። ሰውየው ዘበኛውን የጠየቀው "ሌላ ባቡር አለ?" ብሎ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

እትየ ዝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ልክ እንደ ይርሳው" አለች። ተነጋግረን ሳይሆን እንዲያው ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞርን። አያ ይርሳው በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ የተባለውን አልሰማም፤ ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ የሚያስቅ ነገር የተወራ መስሎት ፈገግ አለልን። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ፊት ለፊት ክፉ የተናገረው የለም። ብቻ ሚስቱን ያያት ሰው አለ ወይ፣ ልጅ እንዳለውስ በምን ታወቀ ይባባሉ ጀመር፤ ውሎ ሳያድር "ጆሮ ጠቢ" የሚለው ስም ተለጠፈበት። ጠዋት እሳት ሊጭር ሲመጣ፣ ጭሱ ከዳሱ በላይ እየታየ፣ እሳት የለም ይሉታል። ሴቶቹ ከሎሪ የሚወርዱትን ቀድመው ይቀበሉና "ግራሩ ሥር ላለው ሰው ስማችሁን እንዳትነግሩት" ይሏቸዋል፤ እሱ ሲጠይቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ስበው ያልፋሉ። በሣሩ ግድግዳ ቀዳዳ ሁሉ ዓይን ይከተለዋል፤ የእኔም ዓይን አንዱ ነበር። አንድ ቀን ውሃ የምቀዳበት ጠብቆ "አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ሆኖብኝ ነው? ምን አጠፋሁ?" አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። እውነቱን ብናገር ምንጣፉም፣ ሻዩም፣ ቁልምጫውም ይቀርብኛል። ለአንዲት ብርጭቆ ሻይ ነው እኮ፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ብዙም ሳይቆይ ዳሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። "ታወቀበትና ሄደ" ተባለ፣ ሰውም እፎይ አለ፤ ያን ሰሞን ሐጂ ግቢ መቀመጫ ጠፋ።

በሁለተኛው ሳምንት ከመጣው ሎሪ አንዲት ቀይ ሴት ልጅ አዝላ ወረደች። አቧራው ቅንድቧን አንጥቶታል። እግሯ መሬት ከመንካቱ "ይርሳው የሚባል ሰው የምታውቁ፣ በማርያም!" አለች። እትየ ዝና አንገቷን ደፍታ መሬቱን በጣቷ ትጭራለች። ዐረብኛ አዋቂዋ እሷ ናት ብለው እኔን ገፉኝ፣ ስደተኛ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ ሲናገር አንድም ቃል አላመለጠኝም፤ የሚያውቃት ሰው ስላጣ ሊፈልጋት ወደ መጣበት ተመልሷል አለ። እንዳለው አልኳት። ከራሴ ለመጨመር እንደዚያን ቀን ተመኝቼ አላውቅም፣ ግን ምን ተብሎ ይጨመራል?

ያን ዓመት ከድንበሩ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ዳግም ሲመጣ አላየንም። እሷ እስከ ክረምቱ ጠብቃ፣ ልጇን ይዛ፣ ወዴት እንደሆነ ሳትነግረን ሄደች። ዛሬ ሰፈሩ ፈርሶ ማሽላ ይዘራበታል፣ ሐጂም፣ አባ ተገኘም፣ እትየ ዝናም አልፈዋል፤ ነገሩን ከአፌ የሰማ ሰው አልቀረም፣ ይቅር በለኝ የምለውም የለም። ያን ዕለት ከቢሮው ስንወጣ ሴትየዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ የጀርባዋ ልጅ በትከሻዋ በኩል እያየችኝ፣ "ምነው ትንሽ ቢታገሠን? ማን አስቸኮለው?" አለችኝ።

እኔ እንጃ አልኳት።