የደገምኩት ክፍል

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተራ ጠብቅ ከተባልኩ ወንበሩን ትቼ ኮሪደሩን እለካለሁ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለኝ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ነቀምቴ፣ በትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር በር ላይ ስንቆራጠጥ ግን ምክንያት ነበረኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ የኮሌጅ መምህር ውስጥ ተቀምጦ ካርዴን እያገላበጠ ነበር።

ሰውየው የስፖርት አስተማሪ የሚሆኑ ልጆች ለመምረጥ በወለጋ ከተሞች ይዞራል። ባለፈው ዓመት የጠቅላይ ግዛቱ ዋንጫ እኛ ከተማ ሲደረግ በግራ ክንፍ ስጫወት አይቶኛል። ጠዋት ሜዳ ላይ አሩጦ፣ አዘልሎ ላብ በላብ አደረገኝና «እግርህስ ይበቃል፤ አሁን ወረቀትህን ልይ» አለኝ። የፈራሁት ይህን ነበር። ኮሌጁ ክፍል የደገመ ተማሪ አይቀበልም፤ ትምህርት ቤቱ አጥጋቢ ምክንያት ካልሰጠ በስተቀር። እኔ ደግሞ አስራ አንደኛን ደግሜያለሁ።

አልወደቅኩም እኮ! አስራ ሁለተኛ የገባ ተማሪ ለመልቀቂያ ፈተና እንዲያጠና ኳስ እንዳይጫወት የከለከሉት ራሳቸው ዳይሬክተራችን ነበሩ። ጥሩ ደንብ ነው፤ ወላጅ ሁሉ መርቋቸዋል። ታዲያ ዋንጫው ነቀምቴ እንደሚደረግ የተሰማው እኔ ወደ አስራ ሁለተኛ ላልፍ ስል ሆነ። ጊምቢዎች ሁለት ዓመት አከታትለው ዋንጫውን ወስደውብናል። ዳይሬክተሩ ያወጡትን ደንብ ከሚሽሩ እኔን ጥለው አስራ አንደኛ ማቆየት ቀለላቸው። ቢሮ ጠርተው በለሰለሰ ድምፅ «አንድ ዓመት ለከተማህ ስጥ» አሉኝ። የሂሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቴ ተቀንሶ በሮስተሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ምን ልበል? ያስተማሩኝ፣ ደብተር ሳጣ ደብተር የገዙልኝ ሰው ናቸው። እሺ አልኩ። አባቴ የምር የወደቅኩ መስሎት ወር ሙሉ አኮረፈኝ፤ ለእሱም ትንፍሽ አላልኩም። ዋንጫውን ግን በላን።

የኮሌጁ ሰው እንደሚመጣ የሰማን ጊዜ፣ እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ዳይሬክተሩን ተከትዬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ያ ነገር ቢጠየቅስ?»

ክንዴን ያዝ አደረጉና «ሂን ሶዳቲን፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። «አትፍራ ልጄ። እኔ በአፌ እነግረዋለሁ።»

ልቤ ግን አላረፈም። ሦስት ቀን እህል አልወርድ ብሎኝ፣ ከቤት ሜዳ፣ ከሜዳ ቤት ስመላለስ ሰነበትኩ።

ያን ቀን በመጨረሻ ግባ ተባልኩ። ዋንጫው መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። ከኮሌጁ ሰው ጎን፣ ማንም ያልጠበቃቸው የጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት ሹም እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፤ እንግዳውን ሰላም ሊሉ ጎራ ብለው ነው። የዳይሬክተሩ አለቃ ናቸው። ዳይሬክተሩ ከረባታቸውን ደጋግመው ይነካካሉ።

«ዘጠነኛ ክፍል አንደኛ ወጥተሃል፤ አስረኛ ሁለተኛ» አለ የኮሌጁ ሰው። «አስራ አንደኛ ላይ ወደቅህ። በዓመቱ እንደገና አንደኛ! ይሄ ነገር አልገባኝም። ታመህ ነበር?»

ወደ ዳይሬክተሩ ዞርኩ። ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ባለው ማኅተም ላይ ተክለዋል።

«ትምህርት ቤቱ የሚለው ነገር አለ?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጠርገው ማኅተሙን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«አንተስ?» አለኝ የኮሌጁ ሰው።

ተናገር፣ ተናገር የሚል ነገር ውስጤ ይዘላል። ግን እንዴት አድርጌ? ያስተማሩኝን ሰው አለቃቸው ፊት አዋርጄ ልውጣ? ለእናቴ ምን ልላት ነው? በእኛ ዘንድ እንዲህ ያደረገ ልጅ ተምሮም ሰው አይባልም።

«ሰንፌ ነው» አልኩ። «ኳስ አብዝቼ።»

ሰውየው ካርዴን አጥፎ መለሰልኝ። «በእግርህ ብቻ ልወስድህ አልችልም፣ ወንድሜ» አለኝ። ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ሲጠፋብኝ ሹሙ በመኪናቸው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ዳይሬክተሩ መጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እጄን ጨበጡኝ።

«ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ። አመሰግንሃለሁ። ዛሬ አከበርከኝ። ዝም አይነቅዝም።»

«ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ተናድጄ ነበር።

የኮሌጁ ሰው ግቢው ዳር ካለው ዋንዛ ዛፍ ሥር ላንድሮቨሩ ላይ ሻንጣውን እየጫነ ነው። ብቻውን ነው፤ አሁን የሚፈራ አለቃ የለም። ከእኛ እሱ ድረስ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ዳይሬክተሩ አዩት፤ ሲያዩት አየኋቸው። እኔ ያንን ርቀት ትንፋሼን ሳልስብ እጨርሰዋለሁ። ነገር ግን እጄ እጃቸው ውስጥ ነበር፤ እሳቸውም ስለ አባቴ ጤና፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ እየጠየቁኝ ነበር፤ ትልቅ ሰው የያዘውን እጅ መንጠቅ ደግሞ አልተማርኩም። መኪናው ወደ ጊምቢ መንገድ እስኪወጣ ድረስ አልለቀቁኝም።