የይትባረክ ሃያ አንድ ቀን

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊው ይትባረክ ዕቅድ የሞላው ሰው የለም። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ሰዓት ማክበር በደሙ እንዳለ ያምናል። እውነትም ያከብራል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁን ዘግቶ በርጫው ላይ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ጫቱ ያዝ ሲያደርገው ያልሰፋው ልብስ፣ ያልከፈተው ፋብሪካ የለም። ምርቃናው ሲወርድ ያችው አሮጌ የስፌት መኪና ትጠብቀዋለች።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው መምህርት ማህደር የአርባ ተማሪ የደንብ ልብስ ጨርቅ አመጣችለት።

"በአሥር ቀን ካደረስክ የየዓመቱ ሥራ ያንተ ነው። ካላደረስክ ጨርቄን እወስዳለሁ" አለችው።

ይትባረክ የዕድሜ ልኩን ዕድል እንዳገኘ ገባው። ስለዚህ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ራሱን ሊለውጥ ተነሣ። ስልኩ ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው "ሃያ አንድ ቀን የታገሠ ልማዱን ያሸንፋል" ሲል ሰምቶ ነበር። በማግስቱ በርጫው መሃል ቆሞ ጫት ማቆሙን አወጀ።

"ዋሪያ፣ ዛሬ ነው የምታቆመው?" አለ ዒጋል ቅጠሉን እየቀነጠሰ። "አርባ ልብስ እያለብህ?"

"ዲሲፕሊን ነገ አይልም።"

"አቦ ተወው" አለ ተማም። "እኔ ለሠርጌ ብዬ ሦስት ቀን ትቼ ሙሽራዋን ሳላያት ቀረሁ። ተኝቼ ነበር።"

ሃያ ዓመት የቃመ ሰው በድንገት ሲያቆም ምን እንደሚሆን ድሬ ላይ ሕፃን ያውቃል። ይትባረክም ያውቃል፤ ብቻ እሱን የሚነካው አልመሰለውም። ከነጋታው ጀምሮ እንቅልፍ ጣለው። መኪናው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል፣ ጉንጩ ላይ የኮሌታ ቅርጽ ታትሞ ይነሣል፣ እጅጌ ገልብጦ ይሰፋና መልሶ ይተኛል። ሲተኛ ደግሞ ዱካኩ፣ ያ ጫት የተወ ሰው ቅዠት፣ አርባ ኮሌታ ሆኖ ያንቀዋል።

"ወይ ቃም፣ ወይ ስፋ" አለችው ሚስቱ ጥሩወርቅ።

"እየተለወጥኩ ነው።"

"ጨርቁ ግን አልተለወጠም። ያው ጣቃ ነው።"

በአሥረኛው ቀን ማህደር ስትመጣ ዘጠኝ ልብስ ተሰፍቷል፤ ሁለቱ ቁልፍ የላቸውም። ይትባረክ ስለ ጽናት፣ ስለ ማለዳ መነሣት፣ ራስን ስለ መግዛት ነገራት። መምህርቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ታዲያ ልጆቹን ይሄን ላልብሳቸው?" አለችና ጨርቋን ጠቅልላ ፊት ለፊት ወዳለችው ሰፊ፣ ወደ ቱሪያ ተሻገረች። ቱሪያ ጫቷን በጉንጯ ወትፋ፣ መኪናዋን እየረገጠች ተቀበለቻት። ዕቅድ የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። ይትባረክ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሱቁን ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ ከፈተ። ዓይኑ ጠርቷል፣ እጁ ጸንቷል። ልማዱን አሸንፏል። ብቻ የሚሰፋ ነገር አልነበረም።

"ይቱ፣ ነቃህ?" አለች ቱሪያ ከማዶ።

"ነቅቻለሁ። አሁን አዲስ ሰው ነኝ። አየሽ፣ የሰው ልጅ ራሱን…"

"አዲሱን ሰው ይዘኸው ና። ትምህርት ቤቱ ስልሳ ጨምሮብኛል፤ ቁልፍ የሚተክልልኝ አጥቻለሁ።"

ትንሽ አቅማማ። ከዚያ መቀሱን ይዞ ተሻገረ። እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እስከ ስድስት ሰዓት ቀና ሳይል ተከለ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ልማድ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ።

"አፍህ ሥራ ከፈታ" አለች ቱሪያ ከመኪናዋ ሳትነሣ፣ "ክሩን በጥርስህ በጥስ።"