ከፍ ያለው መቀነት

ቡሬ ከተማ መንገድ ዳር አንድ ቀለም ቀቢ በፎቅ ቤት ወገብ ላይ ቡናማ መስመር ሲስብ አይቼ ቆምሁ። የእርጥብ ልስን ሽታ ሲመጣብኝ የመስመሩን ከፍታ በዓይኔ ለካሁ። ከልጅነቴ የቀረ አመል ነው።

የእኛን ጭቃ ቤት በየዓመቱ መቀነት በምንለው የቀይ አፈር መስመር ዙሪያውን እናስታጥቀው ነበር፤ ሁልጊዜም ከጉልበት ከፍታ አያልፍም። እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከዱርቤቴ በሚመጡበት ቀን ግን የበረንዳው ግድግዳ ከጉልበት በላይ በአግድም ተሰንጥቆ አደረ። አክስቴ ዘይነባ ስንጥቁን በጭቃ ደፈነችና ቀዩን መቀነት በላዩ ሳበችው።

"ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ።

አባባ ከመስጊድ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ዘንድሮ መቀነቱ ምነው ከፍ አለ?"

 መዳፉን እርጥቡ ላይ አሳረፈና እኔን አየኝ። አቀረቀርሁ።

"ያምራል" አለ።

እንግዶቹ ሲመጡ ወንበራቸውን ከግድግዳው አርቆ አስቀመጣቸው፤ እሱ ግን ስንጥቁን ተደግፎ ተቀመጠ። ከጀርባው አፈር ሽርር ሲል ይሰማኛል። እስኪሄዱ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሲነሣ ነጭ ጀለቢያው ላይ ቀይ መስመር ታትሞ ነበር።

የፎቁን ቀለም ቀቢ "መስመሩን ለምን እዚህ ላይ አደረግኸው?" አልሁት። ብሩሹን አቁሞ አየኝ። ቀና ስል ከመስመሩ በላይ ባሉት ሦስት ፎቆች ሁሉ ልብስ ተሰጥቷል፤ ሰው ይኖርባቸዋል።

ሳይታወቀኝ እንደ አባባ ግድግዳውን በጀርባዬ ደግፌው ቆሜ ነበር።